ጥያቄህን ለይተህ ፈልግ፦ የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች የቤተ መጻሕፍት አጠቃቀም መመሪያ

አንድ ተማሪ ፐብሜድ (የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ ዳታቤዝ) ላይ ስለ ልብ ድካም ሕክምና ሲፈልግ ከመቶ ሺህ በላይ ጽሑፍ ይዘረገፍበታል። ለማወቅ የፈለገው ግን ቅድሚያ የሚሰጠው መድኃኒት የትኛው እንደሆነ ብቻ ነበር። ፐብሜድ ሥራውን ሠርቷል፤ ጥያቄው ነው ወደማይመለከተው ቦታ የሄደው። ቤተ መጻሕፍቱ የሚከፍልባቸው ዳታቤዞች እያንዳንዳቸው ለአንድ ዓይነት ጥያቄ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ መፈለጊያው ላይ አንድ ፊደል ከመጻፋችሁ በፊት ጥያቄያችሁ የየትኛው ወገን እንደሆነ ለዩ።

ጥያቄው የየትኛው ወገን ነው?

«ትራይጀሚናል ነርቭ ስንት ዋና ቅርንጫፍ አለው?» የመማሪያ መጽሐፍ ጥያቄ ነው። መልሱ ሦስት ነው፤ ትናንትም ሦስት ነበር። ይህን ፐብሜድ ላይ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። አክሰስ ሜዲሲን ወይም ክሊኒካል ኪ ውስጥ ከሚገኙት የመማሪያ መጻሕፍት አንዱን ከፍታችሁ ማውጫውን ተመልከቱ።

«ዋርፋሪን (ደም የሚያቀጥን መድኃኒት) የሚወስድ ታካሚ ጥርሱ ከመነቀሉ በፊት ምን መታየት አለበት?» ደግሞ ታካሚ ፊት ቆሞ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ለዚህ የተዘጋጁት አፕቱዴት፣ ዳይናሜድና ቢኤምጄ ቤስት ፕራክቲስ ናቸው። ጥናቶቹን ሌሎች ሐኪሞች አንብበው፣ አሳጥረውና የምክራቸውን ጥንካሬ ጠቅሰው ያስቀምጣሉ። የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እነዚህ መሣሪያዎች በዋናነት የተሠሩት ለጠቅላላ ሕክምና ነው። ስኳር ሕመም ወይም የልብ ሕመም ላለበት የጥርስ ታካሚ፣ እንዲሁም ለመድኃኒቶች መጋጨት እጅግ ይጠቅማሉ። ስለ ሥር ቦይ ሕክምና ቴክኒክ ወይም ስለ ሙሌት ዓይነት ምርጫ ግን ብዙ አትጠብቁባቸው። ለእሱ ዴንቲስትሪ ኤንድ ኦራል ሳይንስስ ሶርስ የተባለውን ዳታቤዝና የሙያ ማኅበራት የሚያወጧቸውን መመሪያዎች ተጠቀሙ።

«ልጆች ላይ የመንጋጋ ጥርስ እንዳይበሰብስ የፍሎራይድ ቫርኒሽ (ጥርስ ላይ የሚቀባ ፍሎራይድ) ይሻላል ወይስ ሲላንት (የጥርሱን ስንጥቅ የሚሸፍን ንጣፍ)?» ሁለት ነገር ያነጻጽራል፤ ስለዚህ ማስረጃ ይፈልጋል። መጀመሪያ ኮክሬን ላይብረሪን ክፈቱ። ሌሎች ጥናቶቹን ሰብስበው፣ መዝነውና ደምረው ከጨረሱ፣ አርባ ጽሑፍ ለየብቻ ማንበብ አያስፈልጋችሁም። ኮክሬን ውስጥ ካጣችሁ ወይም ያለው ግምገማ ካረጀ ወደ ፐብሜድ ውረዱ።

እትሙን ሳታዩ መጽሐፍ አትመኑ

የአናቶሚ መጽሐፍ የአሥር ዓመት ዕድሜ ቢኖረው ብዙም አይጎዳም። የሕክምና መመሪያ የያዘ መጽሐፍ ግን ይጎዳል። ከ2018 በፊት የታተመ የድድ ሕክምና መጽሐፍ ፔሪዮዶንታይተስን «ክሮኒክ» እና «አግሬሲቭ» ብሎ ይከፍላል። በ2018 የታተመው አዲሱ አመዳደብ ይህን ክፍፍል ትቶ ከ1 እስከ 4 ባለው ደረጃና ከኤ እስከ ሲ ባለው ግሬድ ይመድባል። የአፍ ካንሰር ደረጃ አወጣጥም እንዲሁ ተቀይሯል፤ የአሜሪካ የካንሰር ጥምር ኮሚቴ 8ኛው እትም ዕጢው ወደ ውስጥ የዘለቀበትን ጥልቀት በሚሊሜትር ይቆጥራል፣ ቀደም ያለው አይቆጥርም። ለፔኒሲሊን አለርጂ ያለበት ታካሚ ከጥርስ ሕክምና በፊት ለልብ ኢንፌክሽን መከላከያ ክሊንዳማይሲን እንዲወስድ የሚመክር መጽሐፍ ካገኛችሁም፣ የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2021 ይህን ምክር ማንሳቱን አስታውሱ።

በካታሎጉ ላይ ያው መጽሐፍ በተለያየ እትም ተደርድሮ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም አዲሱ ከላይ አይሆንም። ውጤቱን በዓመት ደርድሩት።

የጥርስ ተማሪዎች መጽሐፉ የሚጠቀምበትን የጥርስ አቆጣጠርም አስቀድማችሁ እዩ። የአሜሪካ መጻሕፍት በአብዛኛው ከ1 እስከ 32 ይቆጥራሉ፤ ሌላው ዓለም በብዛት የሚጠቀመው ባለ ሁለት አሃዙን የኤፍዲአይ አቆጣጠር ነው። «11» በኤፍዲአይ የላይኛው ቀኝ መሐለኛ የፊት ጥርስ ነው፤ በአሜሪካው ደግሞ የላይኛው ግራ ክራንቻ። አቆጣጠሩን ሳያዩ የጉዳይ ዘገባ ማንበብ ሌላ ጥርስ እያሰቡ ማጥናት ነው።

የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ «አይከፈትም» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ብልሽት አይደለም። ቤተ መጻሕፍቱ የገዛው ፈቃድ በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሦስት ሰው ብቻ እንዲያነብ ሊሆን ይችላል። የፈተና ሳምንት ሲመጣ ቦታው ይሞላል። የምትፈልጉትን ምዕራፍ በፒዲኤፍ ማውረድ ከተፈቀደ አውርዱና ውጡ። ስትጨርሱም የብራውዘሩን ገጽ ዝም ብላችሁ ከመዝጋት ይልቅ «ውጣ» የሚለውን ተጫኑ፤ አለበለዚያ ሲስተሙ እናንተን ለተወሰኑ ደቂቃዎች አንባቢ አድርጎ ይቆጥራል፣ የቀጣዩም ሰው ወንበር ይያዛል።

ከግቢ ውጭ ሲሆኑ

አሳታሚዎች ተማሪ መሆናችሁን የሚያውቁት ከዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ስትገቡ ነው። ከግቢ ውጭ ስትሆኑ ከሦስት መንገዶች አንዱን ትጠቀማላችሁ፦ በፕሮክሲ (በቤተ መጻሕፍቱ በኩል አልፎ የሚያስገባ አገናኝ ሰርቨር)፣ በቪፒኤን (ኮምፒውተራችሁን ከዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ወይም በአሳታሚው ገጽ ላይ «በተቋምህ በኩል ግባ» የሚለውን በመጫን።

በፕሮክሲ የሚሠራ ቤተ መጻሕፍት ከሆነ ጉዞው ከቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ መጀመር አለበት። ከጉግል ውጤት በቀጥታ ወደ አሳታሚው ከሄዳችሁ ፕሮክሲውን አልፋችሁታል፤ ስለዚህ ጽሑፉ ተከፍሎበት ሳለ «ክፈሉ» የሚል ገጽ ይገጥማችኋል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ «ዩኒቨርሲቲያችን የለውም» ብሎ ይተወዋል። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የጆርናሎች ዝርዝር ተመልሳችሁ የጆርናሉን ስም ፈልጉና ከዚያ ግቡ።

ቪፒኤን የምትጠቀሙ ከሆነ አንዳንዱ አሠራር የዩኒቨርሲቲውን ገጾች ብቻ በቪፒኤን አሳልፎ ሌላውን በተለመደው ኢንተርኔት ይልካል። ቪፒኤኑ መገናኘቱን እያሳየ አሳታሚው ካላወቃችሁ፣ ቅንብሩ ውስጥ ሁሉንም ትራፊክ የሚያሳልፈውን ምርጫ ውሰዱ። ለግላችሁ የጫናችሁት ሌላ ቪፒኤን ካለ አጥፉት። ኩኪ የሚከለክል የብራውዘር ተጨማሪም በተቋም በኩል መግባትን ያበላሻል፤ የይለፍ ቃሉን ካስገባችሁ በኋላ ወደ መጀመሪያው ገጽ ደጋግሞ የሚመልሳችሁ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት እሱን ይሁን።

የአፕቱዴት የስልክ መተግበሪያ በየ90 ቀኑ የዩኒቨርሲቲው አባል መሆናችሁን ማረጋገጥ ይጠይቃል። ከግቢው ኔትወርክ ወይም በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ በኩል ወደ ግል አካውንታችሁ ስትገቡ ይታደሳል። ወደ ክሊኒካል ልምምድ ከመውጣታችሁ በፊት አድሱት፤ ሆስፒታል ውስጥ ሆኖ መዘጋቱን ማወቅ አያስደስትም።

የይለፍ ቃላችሁን ለጓደኛ አትስጡ፤ ጽሑፍ በጅምላ የሚያወርድ ፕሮግራምም አትጠቀሙ። አሳታሚው በአጭር ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ማውረድ ሲያይ የሚዘጋው የአንድ ተማሪን አካውንት ብቻ ላይሆን ይችላል። የመላው ዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚዘጋበት ጊዜ አለ።

ዩኒቨርሲቲያቸው የሂናሪ አባል የሆነ ተማሪዎችም አሉ። ሂናሪ የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር በ2002 የጀመረው ፕሮግራም ሲሆን፣ አነስተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ያሉ ተቋማት የሕክምና ጆርናሎችንና መጻሕፍትን በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገኙ ያደርጋል። መግቢያው የተቋሙ ስለሆነ መጠየቅ ያለበት የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ነው።

ፐብሜድ ላይ በትክክል መፈለግ

ከላይ ያየነውን የቫርኒሽና የሲላንት ጥያቄ እንውሰድ። በአራት ይከፈላል፦ ታካሚው (ልጆች)፣ የሚደረገው (ቫርኒሽ)፣ የሚነጻጸርበት (ሲላንት)፣ ውጤቱ (የጥርስ መበስበስ መቀነስ)። አራቱንም በአንድ ጊዜ መፈለጊያው ላይ አትጫኑ። በሁለቱ ሕክምናዎች ጀምሩ፣ ብዙ ከመጣ ሌላውን ጨምሩ። በተለይ ውጤትን የሚገልጽ ቃል በጥንቃቄ ጨምሩ፤ የጽሑፉ አጭር መግለጫ ያንን ቃል ካልጠቀሰ ጥሩ ጥናት ያመልጣችኋል።

ፐብሜድ የምትጽፉትን ቃል ሜሽ ወደተባለው የሕክምና ርዕሶች መዝገብ ራሱ ይተረጉመዋል። ለምሳሌ የልብ ድንገተኛ ሕመምን በተለመደው የእንግሊዝኛ ስሙ «ኸርት አታክ» ብትሉት «ማዮካርዲያል ኢንፋርክሽን» የሚለውን ርዕስ ይጨምርላችኋል። የተረጎመውን ለማየት «አድቫንስድ» የሚለውን ከፍታችሁ ከፍለጋ ታሪኩ ጎን ያለውን ዝርዝር ተመልከቱ። ይህን የማያይ ተማሪ ለምን ያልጠበቀው ውጤት እንደመጣበት ፈጽሞ አይገባውም።

አሁን ደረጃ በደረጃ፦

1. የሜሽ ዳታቤዝን ክፈቱና ሲላንት ብላችሁ ፈልጉ፤ ትክክለኛው ርዕስ «ፒት ኤንድ ፊሸር ሲላንትስ» ነው። ለፍሎራይዱ ደግሞ «ፍሎራይድስ፣ ቶፒካል» የሚለውን ታገኛላችሁ። ሁለቱንም ጻፏቸው።

2. ለእያንዳንዱ ሐሳብ የሜሽ ርዕሱንና ሰዎች በተለምዶ የሚጽፉትን ቃል በ«ኦር» አገናኙ፤ ሁሉንም በአንድ ቅንፍ ውስጥ አድርጉ። ማገናኛዎቹ (OR፣ AND፣ NOT) የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ካፒታል ፊደል ነው።

3. ቅንፎቹን በ«ኤንድ» አገናኙ። ቅንፍ ከረሳችሁ ፐብሜድ ከግራ ወደ ቀኝ በተራ ስለሚያሰላ ውጤቱ ያሰባችሁት አይሆንም።

4. እያንዳንዱን ቅንፍ ለብቻው ፈልጋችሁ ከታሪክ ገጹ ላይ በቁጥራቸው ብታገናኟቸው የቱ መስመር እንደተበላሸ ወዲያው ይታያል። አንዱ ዜሮ ካመጣ ምናልባት የፊደል ስህተት ነው።

ለምን ሜሽ ብቻውን አይበቃም? አዲስ የገባ ጽሑፍ የሜሽ ርዕስ ገና ላይሰጠው ይችላል፤ አንዳንዱ ጽሑፍም ጭራሽ አይሰጠውም። በሜሽ ብቻ የፈለገ ሰው እነዚህን ጽሑፎች አያገኝም። «ሰው ላይ የተደረጉ» ወይም «ልጆች» የሚሉት ማጣሪያዎችም ያው ችግር አለባቸው፤ የሚሠሩት በሜሽ ስለሆነ ገና ርዕስ ያልተሰጠውን ሁሉ ይጥላሉ። «ሙሉ ጽሑፉ ነጻ የሆነ» የሚለው ማጣሪያ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ቤተ መጻሕፍቱ የከፈለበትን ሁሉ ሰውሮ በአጋጣሚ ነጻ የሆነውን ብቻ ያሳያችኋል። አትንኩት።

የሜሽ ርዕስ ሲመረጥ ከሥሩ ያሉትን ጠባብ ርዕሶች አብሮ ያመጣል። «የአፍ ዕጢዎች» የሚለውን ስትመርጡ የምላስና የከንፈር ዕጢ አብሮ ይመጣል፤ መደርደር አያስፈልጋችሁም።

የኮከብ ምልክት ቃሉን ቆርጦ የተለያየ ማብቂያ ያላቸውን ሁሉ ይፈልጋል፤ ከምልክቱ በፊት ቢያንስ አራት ፊደል ያስፈልጋል። ግን ኮከብ ወይም የጥቅስ ምልክት ስትጠቀሙ ከላይ ያነሣነው ራስ ሠር ትርጉም ይቆማል። የአሜሪካንና የእንግሊዝን አጻጻፍ (አኔስቴዥያና ፔዲያትሪክ ዓይነተኛ ምሳሌዎች ናቸው) ሁለቱንም በ«ኦር» መጻፍ የእናንተ ኃላፊነት ይሆናል ማለት ነው። «ኖት»ን በተቻለ መጠን ተዉት። አዋቂዎችን ላስወጣ ብላችሁ ብትጠቀሙበት ልጆችንም አዋቂዎችንም ያጠናውን ጽሑፍ አብሮ ይጥለዋል።

ያገኛችሁትን ለጊዜው የሚይዘው ክሊፕቦርድ እስከ 500 ጽሑፍ ያስቀምጣል፤ 8 ሰዓት ሳትነኩት ከቆየ ግን ይጠፋል። ማይ ኤንሲቢአይ የተባለውን የፐብሜድ የግል አካውንት ከፍታችሁ ፍለጋውን እዚያ አስቀምጡት፤ አዲስ ጽሑፍ ሲገባ በኢሜይል እንዲልክላችሁም ማዘዝ ትችላላችሁ።

ሙሉ ጽሑፉን ማግኘት

ርዕሱና አጭር መግለጫው ብቻ ከታያችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። መጀመሪያ በቤተ መጻሕፍቱ ገጽ በኩል ወደ ፐብሜድ ግቡ፤ እንዲህ ሲሆን ከጽሑፉ ጎን የቤተ መጻሕፍቱ አዝራር ሊታይ ይችላል። እሱ ካልሠራ የጆርናሉን ስም በጆርናሎች ዝርዝር ውስጥ ፈልጉና የተገዙትን ዓመታት ተመልከቱ፤ ጆርናሉ ኖሮ የምትፈልጉት ዓመት ላይኖር ይችላል፣ ወይም አሳታሚው የመጨረሻዎቹን 12 ወራት ከልክሎ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ፐብሜድ ሴንትራልን (የነጻ ሙሉ ጽሑፎች ማከማቻ) ወይም አንፔይዎል የተባለውን የብራውዘር ተጨማሪ ሞክሩ፤ ይህ ደራሲዎቹ በሕጋዊ መንገድ ነጻ ያስቀመጡትን ቅጂ ይፈልጋል። ጉግል ስኮላር ላይ ደግሞ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ «የቤተ መጻሕፍት ሊንኮች» በሚለው ስር ዩኒቨርሲቲያችሁን ጨምሩ።

ይህ ሁሉ ካልተሳካ ከሌላ ቤተ መጻሕፍት የማስመጣት አገልግሎት አለ። ቅጹ ላይ የፐብሜድ መለያ ቁጥሩን ወይም በ10 የሚጀምረውን ዲኦአይ (የጽሑፉ ቋሚ ዲጂታል መለያ) ጻፉ፤ ርዕሱን በእጅ መጻፍ ጥያቄውን ያዘገያል፣ አንዳንዴም ሌላ ጽሑፍ ያስመጣል። ከመጽሐፍ ሲሆን በቅጂ መብት ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚላከው አንድ ምዕራፍ ነው፤ ስለዚህ የምዕራፉን ቁጥርና ገጾቹን ጥቀሱ። ጽሑፉ በማግስቱ ሊደርስ ይችላል፣ ሳምንታትም ሊወስድ ይችላል። የሥራው ማስረከቢያ ነገ ከሆነ አትቁጠሩበት።

ማጣቀሻዎችን መያዝ

ዞቴሮ የተባለውን የማጣቀሻ መያዣ ፕሮግራም የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ጫኑ፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ሦስት መቶ ማጣቀሻ በእጅ መጻፍ ቅጣት ነው። ነጻ ነው። ኦንላይን የሚሰጠው የፋይል ቦታ 300 ሜጋባይት ስለሆነ ፒዲኤፍ ስታጠራቅሙ ቶሎ ይሞላል፤ የፋይሎቹን ማመሳሰል ብታጠፉት ግን የማጣቀሻዎቹ መረጃ ያለ ገደብ ይመሳሰላል። ከፒዲኤፍ ይልቅ ከፐብሜድ ገጽ ላይ አስገቡ፤ ከፒዲኤፍ የሚመጣው መረጃ የደራሲ ስም ሊያጎድል ወይም ርዕሱን በሙሉ በካፒታል ፊደል ሊያመጣ ይችላል። ዞቴሮ የተሰረዘ ጽሑፍ ሲያገኝ በቀይ ያስጠነቅቃችኋል፤ ማስጠንቀቂያውን አትለፉት።

የሕክምና ጽሑፎች በብዛት የሚጠቀሙት ቫንኩቨር የተባለውን ስልት ነው፤ ማጣቀሻዎቹ ጽሑፉ ውስጥ በመጡበት ቅደም ተከተል ቁጥር ይሰጣቸዋል፣ የጆርናሉም ስም በአሕጽሮት ይጻፋል። አሕጽሮቱን በራሳችሁ አትፍጠሩ፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ላይ ተመዝግቧል።

በሰው ሠራሽ አእምሮ ፕሮግራም የተሰጣችሁን ማጣቀሻ ሁሉ ርዕሱን ፐብሜድ ላይ ፈልጉ፣ ዲኦአዩንም ክፈቱ። እውነተኛ ደራሲዎችንና እውነተኛ ጆርናል አጣምሮ ያልተጻፈ ጽሑፍ ሊፈጥር ይችላል። የሐሰት ማጣቀሻ ደግሞ ለመምህር ቶሎ ይታወቃል።

መደርደሪያው ላይ

የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚደረደሩት በአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት አመዳደብ ነው፦ ኪው ኤስ አናቶሚ፣ ኪው ቪ ፋርማኮሎጂ፣ ደብልዩ ጂ ልብና የደም ሥር፣ ደብልዩ ኦ ቀዶ ሕክምና፣ ደብልዩ ዩ የጥርስ ሕክምና። በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አመዳደብ የጥርስ ሕክምና አር ኬ ነው፤ በዴዊ ደግሞ 617.6። የአፍ አናቶሚ የሚፈልግ ተማሪ ኪው ኤስ ጋ ቆሞ ይቸገራል፤ መጽሐፉ ደብልዩ ዩ ውስጥ ነው ያለው።

ከፊደሎቹ በኋላ የሚመጣውን የደራሲ ቁጥር እንደ አስርዮሽ አንብቡት፤ ኤ45 ከኤ5 በፊት ነው፣ ምክንያቱም 0.45 ከ0.5 ያንሳል። «ካታሎጉ አለ ይላል፣ መደርደሪያው ላይ ግን የለም» ከሚባሉት መጻሕፍት ጥቂት የማይባሉት እዚህ ላይ ነው የሚጠፉት።

ለትምህርቱ የተመደቡ መጻሕፍት ሪዘርቭ ላይ ይቀመጣሉ፤ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ይሰጣሉ፣ ቅጣቱም በሰዓት ሊቆጠር ይችላል። አጥንትና የጥርስ ሞዴል የሚያውስ ቤተ መጻሕፍት ካላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ቁጠሩ። የአንድ እጅ አጥንት 27 ነው፣ የአንድ እግር መርገጫ 26። አተር የምታክለው ፒሲፎርም መጀመሪያ የምትጠፋው ናት፤ የጎደለውን የሚከፍለው ደግሞ መጨረሻ የፈረመው ነው።

ባለሙያውን መቼ ትጠይቃላችሁ?

አንድ ሰዓት ፈልጋችሁ ካጣችሁ ጠይቁ። ስትሄዱ ጥያቄያችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የሞከራችሁትን ፍለጋ፣ እንዲሁም «እንደዚህ ያለ ነው የምፈልገው» የምትሉትን ሁለት ሦስት ጽሑፍ ይዛችሁ ሂዱ። ባለሙያው የእነዚያን ጽሑፎች የሜሽ ርዕስ አይቶ ፍለጋውን ከዚያ ይገነባል፤ ይህን ዘዴ እናንተም ብቻችሁን መሞከር ትችላላችሁ።

ሲስተማቲክ ሪቪው (በአንድ ጥያቄ ላይ ያሉ ጥናቶችን ሁሉ በሥርዓት ፈልጎ መገምገም) የምትሠሩ ከሆነ ግን ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት ሂዱ። ፐብሜድ ብቻውን አይበቃም፤ ኢምቤዝና የኮክሬን የሙከራዎች መዝገብ አብረው ይፈለጋሉ፣ የአንዱም አጻጻፍ ከሌላው ይለያል። እንዲህ ያለ ግምገማ ሲዘገብ የሚከተሉት፣ በ2020 የታደሰው የፕሪዝማ ዝርዝር 27 ነጥቦች አሉት፤ የተፈለገባቸውን ዳታቤዞች፣ ቀኑንና ሙሉውን የፍለጋ መስመር እንድታሳዩ ይጠይቃል። ቀኑንና የውጤቱን ብዛት በዚያው ሰዓት ያልመዘገበ ሰው ከስድስት ወር በኋላ ሁሉንም ደግሞ ይፈልጋል።

የመጨረሻው ሴሚስተር ላይ አንድ ሥራ አለ። ማይ ኤንሲቢአይ የራሱ የይለፍ ቃል የለውም፤ የሚገባው በሌላ አካውንት ነው። በዩኒቨርሲቲው መለያ ከከፈታችሁት፣ አካውንቱ ከመዘጋቱ በፊት ሌላ የግል መግቢያ ጨምሩበት። ዞቴሮንም በዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ከመዘገባችሁ ወደ ግል ኢሜይል ቀይሩት። በሂሳባችሁ ላይ የቀረ መጽሐፍ ካለ መልሱና ደረሰኙን ያዙ።